የወለተ ኪዳን ፊርማ

አቶ ደረጄ በስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ቢራ ቀምሰው አያውቁም። ሐሙስ ጠዋት አስከሬናቸው ሲገኝ ግን ኮታቸው ከላይ እስከ ታች ቢራ ጠጥቶ ነበር።

ያገኟቸው የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ወይዘሮ ሐረገወይን ናቸው። ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር ውስጥ ምእመናኑ ተከራይተው ቤተ ክርስቲያን ያደረጉት አሮጌ አዳራሽ አለ። ወይዘሮ ሐረገወይን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥረጊያ ሊያወጡ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ፣ ሊቀመንበራቸው ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ እጃቸው አጠገብ አንድ የአገር ቤት ቢራ ጠርሙስ ወድቋል። ሴትዮዋ ጮኹ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ «ማን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ሳያልቅ «ማን ገደለው?» የሚለው ቀደመ፤ መልሱም አብሮ ደረሰ። ሰይፈሥላሴ ነዋ!

ለምን ሰይፈሥላሴ? ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ሰማያዊ ወረቀት ነው። ሰይፈሥላሴ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ምግብ ቤት ከፍቶ ቢራ ለመሸጥ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ካውንስሉን፣ ፈቃድ ጠየቀ። በዚህ አገር ሕግ መጠጥ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ሐሳቡን በሰማያዊ ወረቀት ጽፎ መስኮቱ ላይ ሃያ ስምንት ቀን ይለጥፋል፤ የሚቃወም ካለ በእነዚያ ቀናት ይጽፋል። አቶ ደረጄ ከሁሉም ቀድመው ጻፉ፦ «በእግዚአብሔር ቤት ጥግ ቢራ አይሸጥ።» ካውንስሉ በትሕትና መለሰላቸው። ሕጉ የሚያውቀው አራት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወንጀል፣ የሕዝብ ደህንነት፣ ሁከት፣ የሕፃናት ጥበቃ። እግዚአብሔር ከአራቱ ውስጥ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከሰበካ ጉባኤው ሌላ ተቃውሞ ገባ። ይኸኛው እግዚአብሔርን አላነሣም፤ ስለ ጫጫታና ስለ ሰካራም ብቻ የሚያወራ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሰው የፈረመበት ነው። ጉዳዩ የሚሰማበት የካውንስሉ ስብሰባ በዚያው ሐሙስ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

መርማሪ ሳጅን ብፅዓት በዘጠኝ ዓመቷ ለንደን የገባች፣ አማርኛዋን እናቷ በቁጣም በልመናም ያቆየችላት ሴት ናት። አንድ ክፉ አመል አላት፤ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር አታምንም። አለቃዋ ኢንስፔክተር ቤንጃሚን ግን እንዲህ ያለ አመል የለበትም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት በስልክ። «ሰውየው ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ዝቶባቸዋል። ትናንት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ከአዳራሹ በር ሲመለስ ታይቷል። እስከ ስብሰባው ድረስ ካልያዝሽው እኔ መጥቼ እይዘዋለሁ።»

ብፅዓት ስልኩን ዘግታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«ሰክረው ወደቁ የሚል ሰው አለ» አለች ብፅዓት።

«ኮታቸው ሰክሯል፤ እሳቸው ግን አልሰከሩም። ልብሱ ይሸታል፣ አፋቸው አይሸትም። ደግሞ ወዲያው አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ በሕይወት ቆይተዋል።»

ብፅዓት ወለሉን እየዳበሰች የጠርሙሱን ቆርኪ ፈለገች፤ ከደረጃው ሥር፣ ከኪሳቸው፣ ከመጥረጊያው ኋላ። የለም። ጠርሙሱ ሌላ ቦታ ተከፍቶ ነው የመጣው።

ከሬሳው አጠገብ ካውንስሉ ለስብሰባው በፖስታ የላከላቸው ፋይል ተበትኗል። የፊርማዎቹን ወረቀቶች ሰብስባ አየቻቸው። ገጽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። ገጽ አራት የለም።

ሰይፈሥላሴ ምግብ ቤቱን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በዚያች ጠዋት ግን ሰባ ያለፈው ይመስል ነበር። ብፅዓት ሳትቀመጥ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ለስላሳና የማዕድን ውሃ ብቻ።

«ቢራው የት አለ?»

«የምን ቢራ? ላይሰንስ ለሌለው የትኛው አከፋፋይ ይሸጣል? አፕላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ።»

«ባለፈው ሳምንት አቶ ደረጄን ‹ዋጋህን ታገኛለህ› ብለዋቸዋል።»

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው፤ አፌ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰው በጥፊ መትቼ አላውቅም።»

«ትናንት ምሽት አዳራሹ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

ሰይፈሥላሴ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ብነግርሽ አታምኚኝም። እሳቸው ናቸው የደወሉልኝ። ‹በድዬሃለሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ ና፣ ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቅህ› አሉኝ። ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ አንኳኳሁ፤ የሚከፍት ጠፋ። ቀለዱብኝ ብዬ ተመለስኩ።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለሚስቴ። እሷም አላመነችኝም። እኔ ብታሰር ልታሰር። ልጆቼ በዚህ መንገድ የነፍሰ ገዳይ ልጆች እየተባሉ እንዴት ይሄዳሉ? እስቲ ንገሪኝ!»

ብፅዓት ግን ስንቱ ገዳይ ስለ ልጆቹ ሲያለቅስ አይታለች፤ ወደ መንገዱ ወጣች።

ከመንገዱ ማዶ የአቶ ከሊል ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለ፤ ከላዩ ያለችው ክፍል የሰፈሩ ሙስሊሞች የሚሰግዱባት ናት። አቶ ከሊል ለካውንስሉ የራሳቸውን ደብዳቤ ጽፈዋል። በቢራው ጉዳይ ከአቶ ደረጄ ጋር አንድ ሆነው ሳለ ባለፈው ወር በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው ተኮራርፈው ነበር፤ ብፅዓት ይህንንም ሰምታለች።

«ትናንት አይተዋቸዋል?»

«ወላሂ አይቻቸዋለሁ፣ ልጄ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ዘው ብለው ገቡ። ኩርፊያውንም ረሱት። ፋይል ይዘዋል። ‹ከሊል፣ እኛ ካስገባነው ላይ በእጅህ ፈርመሃል?› አሉኝ። አልፈረምኩም፣ የእኔ ለብቻ ነው አልኳቸው። ‹ስምህን የጻፈብህስ ሰው የለም?› አሉኝ። ግራ ገባኝ። ወረቀቱን ገልጠው አዩና ‹የለህበትም፤ አንተስ ተረፍክ› ብለው ወጡ።»

«ጠርሙስ ይዘው ነበር?»

አቶ ከሊል ተቆጡ። «ደረጄ? አርባ ዓመት ሊሆነን ነው፤ እኔ ፊት እንኳን ሊይዙት ስሙን አያነሱም። እኔ ደግሞ መግሪብ ልሰግድ ወጣሁ። ሌላ አላየሁም።»

ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ የተክለአብ መጠጥ ቤት ይገኛል። ተክለአብ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር ነው። አዎ፣ ቢራ አይሸጥ የሚለው ጉባኤ ምክትል ቢራ ሻጭ ነው፤ ለንደን የማታሳየው ነገር የለም። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓይኑን አቅልቶ ነው የተቀበላት።

«እርስዎም ቢራ ይሸጣሉ፤ ሰይፈሥላሴን እንዴት ተቃወሙ?»

«የእኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ይርቃል፣ እህቴ። ደግሞ በሕግ ነው የምሠራው። ላይሰንሴ እዚሁ ቁጭ ብሎ ለሚጠጣ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠርሙስ ከዚህ በር ወጥታ አታውቅም፤ ባዶውን እንኳ ሰብስቤ የማስረክበው እኔ ራሴ ነኝ። ካውንስሉን ቼክ አድርጊ።»

«ይህን የአገር ቤት ቢራ በዚህ ሰፈር ሌላ የሚሸጥ አለ?»

«ማን ይሸጣል! ሃርልስደን ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። አስመጪው ሱቅ ላይ አያወርድም።» ይህን ሲል ደረቱን ነፋ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ሐዘኑ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

«አቶ ደረጄን መጨረሻ ያነጋገሯቸው መቼ ነው?»

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ። ከዚያ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ። ነፍሱን ይማረው!» ጠጋ አላት። «ሚስቱ ወርቅዬ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ብቸኝነት ክፉ ነው። በድብቅ ቢቀምስ ማን ይፈርድበታል? የሰይፈሥላሴን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ብፅዓት አመስግና ወጣች። ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ሟቹንም አስክሮ፣ ሰይፈሥላሴንም አስሮ መጨረሱ አልጣማትም። አለመጣም ግን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ የካውንስሉ ሠራተኛ የፊርማዎቹን ሙሉ ቅጂ በኢሜይል ልኮላት ነበር። ሁለት ነገር ጨምሮ ነገራት፦ ፊርማዎቹ የደረሱት ከቤተ ክርስቲያኑ ኢሜይል ነው፤ አቶ ደረጄም ረቡዕ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደውለው «ከነገ በፊት ይህን ተቃውሞ መሰረዝ እፈልጋለሁ» ብለዋል።

የኢሜይሉን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ወይዘሮ ሐረገወይንና ተክለአብ ብቻ ናቸው። ብፅዓት ከወይዘሮዋ አጠገብ ተቀምጣ ገጽ አራትን በስልኳ ከፈተች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ላይ ያሉት ተራ ስሞች ነበሩ፤ ከነአባታቸው፣ ሁሉም በየራሱ እጅ ጽሑፍ። አራትና አምስት ላይ ግን ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ ኢየሱስ እያለ ይወርዳል።

«እማማ፣ እነዚህ የክርስትና ስሞች አይደሉም?»

«ናቸው። ለካውንስል በክርስትና ስሙ የሚፈርም ማን ነው? ከቄሱና ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቀውም የለ።» መነጽራቸውን አድርገው ዝቅ አሉ። «ይህ ቅደም ተከተል የእኔ ነው! ቄሱ በጸሎት የሚጠሩትን የሕያዋንን ስም እኔ ነኝ የምተይበው። ከዚህ የቀዳ…» ጣታቸው መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ምን አዩ?»

«ወለተ ኪዳን። የአቶ ደረጄ ሚስት፣ ወርቅዬ ናት።»

«ሞታ የለም እንዴ? ከሕያዋን ጋር ምን ታደርጋለች?»

ወይዘሮ ሐረገወይን እንባቸው ወረደ። «በየወሩ ‹ወደ ሙታኑ ገጽ ላዛውራት?› እላቸዋለሁ። ‹ትንሽ ቆይ› ይሉኛል። ሁለት ዓመት ቆየሁ። ቄሱም ዝም አሉ። ምን ላድርግ፣ ልጄ? አንጀቴ አልቻለም።»

ብፅዓት የሴትዮዋን እጅ ያዘች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ዝርዝሩን የት ነው የሚያትሙት?»

ወይዘሮዋ መለሱላት። ብፅዓት ብድግ ብላ ለቤንጃሚን ደወለች፤ የሟቹን የስልክ ጥሪዎች ዝርዝር እንዲያመጣላትም ነገረችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ሐረገወይን ከፊት፣ አቶ ከሊል በሩ አጠገብ፣ ተክለአብ እግሩን አጣጥፎ መሐል ላይ። ሰይፈሥላሴ ከግድግዳው ተጣብቆ ቆሟል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የለም። ቤንጃሚን ከአማርኛው አንዱንም ሳይረዳ ከጎኑ ቆሞ ይጠብቃል።

«አቶ ደረጄ ቢራ አልጠጡም» ብላ ጀመረች ብፅዓት። «ወድቀው ከተኙ በኋላ ነው የፈሰሰባቸው። ይህን ያደረገው ሰው ሁለት ነገር አስቧል። ሞቱ እንደ አደጋ ከታየ፣ ሊቀመንበሩ ድብቅ ጠጪ ነበሩ ይባላል። ግድያ ነው ከተባለም፣ ቢራ ሲባል ሰፈሩ የሚጠራው አንድ ስም ብቻ ነው።»

ሁሉም ሰይፈሥላሴን አዩ።

«እሱ ግን ቢራ የለውም። ይህ ቢራ የሚገኘው አንድ ቤት ብቻ ነው።»

«እኔ ቤት ነው፤ አልካድኩም» አለ ተክለአብ ፈጠን ብሎ። «አንዱ ገዝቶ ይዞ ወጥቶ ይሆናላ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠርሙስ ከበሬ አልወጣችም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እውነትዎን ነው፤ ካውንስሉን ጠይቄያለሁ። ስለዚህ የወጣችውን አንዷን ያወጣት በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ነው።»

ተክለአብ ሳቅ አለ። «በአንድ ጠርሙስ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ስለዚህ ወደ ፊርማው እንሂድ። አቶ ደረጄ በእጃቸው ያሰባሰቡት ሦስት ገጽ ነው። ሁለት ገጽ የሐሰት ስም ተጨምሮበት ተላከ። የጨመረው ሰው ብልጥ ነው። የክርስትና ስም መረጠ፤ ካውንስሉ ‹ገብረ ኢየሱስ የሚባል ሰው ፈርሟል?› ብሎ ቢጠይቅ ‹አልፈረምኩም› የሚል አይገኝም። ጠንቃቃም ነው፤ ከሕያዋን ገጽ ብቻ ቀዳ። ሆኖም በዚያ ገጽ ላይ አንዲት የሞተች ሴት ነበረች። ባሏ ወደ ሙታን ሊያሻግራት አልቻለም።»

አዳራሹ ውስጥ የወይዘሮ ሐረገወይን ልቅሶ ብቻ ተሰማ።

«ረቡዕ ዕለት አቶ ደረጄ ፋይሉን ሲገልጡ የሚስታቸውን ስም አዩ። ሁለት ዓመት አፈር የለበሰች ሚስታቸው ስለ ቢራ ቤት ጫጫታ ፈርማለች። ወዲያው ካውንስሉ ዘንድ ደወሉ። አቶ ከሊልንም፣ ስምህን የጻፈብህ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እንግዲህ ማን ጻፈው? ሰይፈሥላሴ በራሱ ላይ ተቃውሞ አይፈበርክም። አቶ ከሊል እንዲህ ያለ ዝርዝር መኖሩንም አያውቁም። ወይዘሮ ሐረገወይን ዝርዝሩን በእጃቸው የሚተይቡት ናቸው፤ ግን ወለተ ኪዳን ማን እንደሆነች በየወሩ የሚያስታውሱ ሰው ያቺን ስም አይቀዱም። የጻፈው ሰው ዝርዝሩን አግኝቷል፤ የማን ስም እንደሆነ ግን አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ማተሚያ ከተበላሸ ወዲህ ዝርዝሩ የሚታተመው የት ነው፣ እማማ?»

«ተክለአብ ቢሮ» አሉ ወይዘሮዋ ቀና ሳይሉ።

«ለእናንተው ብዬ ነው!» አለ ተክለአብ። ፊቱ ደም መሰለ። «ካውንስሉ እግዚአብሔርን አልሰማ አለ! በስድሳ ምናምን ፊርማ ምን ይሆናል?»

«ለእግዚአብሔር ቢሆን የእርስዎም ይዘጋ ነበር። የሐሰት ተቃውሞ ማስገባት ወንጀል ነው፤ ቢታወቅ የእርስዎም ፈቃድ ይነጠቃል። አቶ ደረጄ ሁለት ጥሪ አደረጉ። ለሰይፈሥላሴ ደውለው ለአንድ ሰዓት ቀጠሩት። ከዚያ ለእርስዎ ደወሉ፤ ስድስት ደቂቃ አውርታችኋል። ከእሁድ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ያሉኝ እርስዎ! ከሰይፈሥላሴ ቀድመው መጡ። ገፈተሯቸው። የሚስታቸው ስም ያለበትን ገጽ ወሰዱ። ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ሄደው ጠርሙስ ከፍተው ተመለሱ።»

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!» ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው። «ሞቶ ነበር! ስመለስም አልተንቀሳቀሰም!»

«አልሞቱም ነበር» አለች ብፅዓት ቀስ ብላ። «ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት ቆይተዋል ትላለች። ቢራ ለማምጣት በሄዱበት ጊዜ አምቡላንስ ይደርስ ነበር።»

ቤንጃሚን የሰይፈሥላሴን ጎን ትቶ ወደ ተክለአብ ሄደ፤ ለዚህ ትርጉም አላስፈለገውም። ሰይፈሥላሴ ግን ነጻ መውጣቱን ከቁም ነገር የቆጠረው አልመሰለም። ከግድግዳው ጋር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አቶ ከሊል ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ።

የካውንስሉ ስብሰባ በሰዓቱ ተካሄደ። ወይዘሮ ሐረገወይን የሰበካ ጉባኤው ተቃውሞ መነሣቱን አስታወቁ። አቶ ከሊል ተነሥተው «ሃይማኖቴ ቢራ የሚከለክለው እኔን ነው። በአራቱ ምክንያቶቻችሁ የምለው የለኝም፤ ደብዳቤዬን አንሥቻለሁ» አሉ። ሰብሳቢዋ ፈቃዱ መሰጠቱን ተናገረች። ብፅዓት ከኋላ ሆና ኮቷን ስታነሣ ሰይፈሥላሴ እጁን አወጣ።

«አንድ ቅድመ ሁኔታ ይጨመርልኝ። እሁድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ቢራ እንዳልሸጥ ይጻፍ።»

ሰብሳቢዋ ወረቀቶቿን አገላበጠች። «ይህን የጠየቀ ሰው በፋይሉ ውስጥ የለም። ግዴታ የለብዎትም።»

«አውቃለሁ። ትናንት ሲደውሉልኝ ‹ስትመጣ አንድ ነገር እለምንሃለሁ› ብለውኝ ነበር። እኔ በሩን ሳንኳኳ እሳቸው ውስጥ በሕይወት ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም። ልመናቸው ይህ ይመስለኛል።»

ሰብሳቢዋ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቀችውና ጻፈችው።